ከሩቁ ይባርኩኝ

ቄስ ክንፈሚካኤል ጠዋት ከቤታቸው ሲወጡ በር ላይ ቆም የማለት ልማድ ነበራቸው። የሚቆሙት ለልጃቸው ለእታለም ነው። እታለም ከጓዳ ብቅ ትላለች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረግ ጠረግ ታደርጋለች፣ የእጅ መስቀላቸውን በግንባሯም በከንፈሯም ትሳለማለች፣ ከዚያ «አባየ፣ በሰላም ይግቡ» ትላለች። እሳቸውም «እደጊ» ብለዋት ይወጣሉ። ዝናብም ቢሆን፣ ኩርፊያም ቢኖር፣ ይህ ሳይሆን አይወጡም።

የዚያን ሐሙስ ግን ቆሙ፣ ቆሙ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ መስቀሉን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ልጅቱ ከጓዳው ጥግ ሆና «ይሂዱ አባየ፣ እጄ ሊጥ ነው» አለቻቸው።

ሊጥ! በእጅ ነው እንዴ መስቀል የሚሳለሙት? ደግሞም እጇ ሊጥ አልነበረም፤ አይተውታል። መስቀሉን ይዘው ወጡ። መንገዱን ሁሉ ግን ሐሳባቸው እዚያው በር ላይ ነበር።

እንግዲህ ሰውየውን እወቋቸው። ከጅጋ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። ድምፃቸው ያማረ ነው፤ ቁጣቸው ይቀድማል፣ ምሕረታቸው ይከተላል። ሚስታቸው ሠርክአዲስ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ደም ፈሷት ሞተች፤ የተወለደውም አልተረፈም። እታለም ያኔ የወተት ጥርሷን እንኳ አልጨረሰችም። ገበሬ ሚስቱ ብትሞትበት ዓመት አልቅሶ ሌላ ያገባል፤ ማንም አይፈርድበትም። ቄስ ግን አንዴ ነው የሚያገባው። ደግሞ ላግባ ቢል ክህነቱን አስቀምጦ ነው። ዘመድ አዝማድ «ኧረ ይተዉት ይሄን ነገር፣ ሰው ነዎት፣ ማን ያበስልልዎታል፣ ማን ያጥብልዎታል» እያለ ጎትጉቷቸው ነበር። «እታለም አለችልኝ» አሉ፤ በዚሁ ቀረ።

አለችልኝ! እንዴት ያለ ቃል ነው እናንተ! ቤት ሙሉ ሥራ በአንዲት ልጅ ጫንቃ ላይ ዋለ ማለት ነው። አሁን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቀን ጅጋ ወርዳ ሰባተኛ ክፍል ትማራለች፣ ከትምህርት መልስ ቤት ትይዛለች። ሲመሻሽ አባትና ልጅ ዳዊት ይደግማሉ፤ እሳቸው አንዱን ቤት፣ እሷ የሚቀጥለውን። ያኔ ቄስ ክንፈሚካኤል ብቻቸውን መሆናቸውን ይረሱታል። በዓለም ላይ የቀረቻቸው እሷ ብቻ ነበረች፤ ይህንንም ያውቃሉ።

ሐሙስ መስቀል የሸሸች ልጅ ቅዳሜ ደግሞ መገበሪያ አልነካም አለች። መገበሪያ የቅዳሴው ኅብስት የሚሠራበት ስንዴ ነው፤ ንጹሕ እጅ ለቅሞ ካላጠራው ኅብስቱ ወደሚጋገርበት ወደ ቤተ ልሔም አይገባም። በዚያ ደብር ከእታለም የተሻለ ለቃሚ አልነበረም፤ አንዲት እንክርዳድ አታመልጣትም። አባቷ ስንዴውን በሰፌድ አድርገው ቢያቀርቡላት እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

«ዛሬ ይቅርብኝ አባየ።»

«ምን ሆነሽ?»

«ምንም።»

«አሞሻል?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ስንፍና ነው?»

«አዎ፣ ሰነፍሁ» አለች። አስቡት እንግዲህ፤ ከወፍ ቀድማ የምትነሣ ልጅ ሰነፍሁ ስትል! ቄሱ ሰፌዱን ታቅፈው ራሳቸው ለቀማ ተቀመጡ።

እሑድ የባሰው መጣ። እታለም ከሕፃንነቷ ጀምራ ከገዛ አባቷ እጅ የምትቆርብ ልጅ ነበረች። ያን ቀን ልጆቹ ተሰልፈው ቀረቡ፤ ቄሱ በዓይናቸው ቢፈልጉ እሷ የለችም። ቅዳሴው አልቆ ሲወጡ ከቅጽሩ በር ውጭ፣ ከወይራው ሥር፣ ከሰው ሁሉ ራቅ ብላ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ አዩዋት። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ አንገቷን ደፋች።

ይህን ያዩት እሳቸው ብቻ አልነበሩም። የድጓው መምህር መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ክንዳቸውን ያዝ አድርገው ወደ ጥግ ወሰዷቸው።

«ቄሴ፣ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው። ልጅዎ ወደ ውስጥ አትገባም እኮ። ባለፈው ወርም እንዲሁ አንድ ሰሞን ውጭ ቆማ አይቻታለሁ።»

እውነት ነው። ባለፈው ወርም፣ ከዚያ በፊትም፣ አንድ ሰሞን ከቅጽር ውጭ እየቆመች ኋላ ተመልሳ ገብታለች። ቄሱ ልብ ሳይሉት አልቀሩም፤ የልጅ ነገር ብለው አልፈውት ነበር።

«ልቧ ሁለት ሆኗል» አሉ መሪጌታ። «አንድ ሰሞን ወዲህ፣ አንድ ሰሞን ወዲያ። ከተማ ላይ ሌላ ሃይማኖት የሚሰብክ አይጠፋም፤ ልጆችን በመዝሙር ነው የሚይዙ። መስቀል አትሳለሙ፣ አትቁረቡ ይሏቸዋል። እንግዲህ ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

መሪጌታ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ከልጅነታቸው ጀምረው ከድጓ በቀር ከማንም ጋር ያልኖሩ ሰው ናቸው፤ ስለ ሴት ልጅ ምን ያውቃሉ? የሚገርመው የቄሱ ነው። ለእናንተ ነገሩ ገና ከሊጡ ጀምሮ ገብቷችኋል። ለእሳቸው አልገባቸውም። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የልጃቸውን ክህደት ይዘው ነው የተመለሱት።

ምሳ እንኳ ሳይበሉ አስቀመጧት።

«እታለም፣ እውነቱን ትነግሪኛለሽ። ሃይማኖትሽን ለውጠሻል ወይ?»

ልጅቱ አፏን ከፍታ ቀረች። ትፈራው የነበረው ጥያቄ ይህ አልነበረም። «ኧረ በማርያም! አልለወጥሁም አባየ!»

«እንግዲያ ተሳለሚ» ብለው መስቀሉን ዘረጉላት።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። እሳቸው ቀረቡ፤ እሷ ሸሸች፤ ቀረቡ፤ ሸሸች፤ መጨረሻ ላይ ግድግዳው ያዛት። ሁለት እጇን ከጀርባዋ አጣምራ እንባዋ ይወርዳል።

«አልችልም።»

«ለምን አትችይም?»

«አይጠይቁኝ አባየ። በእማየ አጥንት ይዠዎታለሁ፣ አይጠይቁኝ።»

ከመስቀል የሚሸሽ ሰው ምን እንደሆነ ቄስ ያውቃል፤ ወይ ርኩስ መንፈስ ይዞታል፣ ወይ ልቡ ከድቷል። ቄስ ክንፈሚካኤል ሁለቱን አሰቡ። ሦስተኛ ነገር መኖሩን ረሱት።

«ነገ ቡሬ ትሄጃለሽ» አሉ መስቀሉን እየሰበሰቡ። «ከአክስትሽ ዘንድ። ከዚያ ተማሪ ቤት አውጥቼሻለሁ።»

«እሺ አባየ» አለች። አልተከራከረችም። እንዲያውም እፎይ ያለች መሰለች፤ ይህ ደግሞ አንጀታቸውን ቆረጠው።

በማግስቱ መንገዱ ሰላም ነው ተብሎ ጅጋ ወረዱ። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ አባት በአንድ ወገን፣ ልጅ በሌላው ወገን ቆመው ጠበቁ። እሷ ከመግባቷ በፊት ዘወር ብላ «አባየ፣ የተለቀመ መገበሪያ በቅል አድርጌ ከጎታው ራስ ላይ አስቀምጫለሁ። በፊት የለቀምሁት ነው፤ አይጠራጠሩ» አለቻቸው። ምን ለማለት እንደፈለገች አልተረዱትም። እደጊም አላሏት። ሚኒባሱ ወደ ፍኖተ ሰላም አቅጣጫ ሄደ። ቄሱ አቧራው እስኪተኛ ቆመው፣ ያን መንገድ ብቻቸውን ተመለሱ።

ያ ሳምንት የእሳቸው ሰሙን ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑን የሚያገለግሉበት ተራ። ጠዋት ይወጣሉ፣ ከሰዓት ይገባሉ፤ ቤቱ ትተውት እንደወጡት ይጠብቃቸዋል። ምጣዱ እንደተከደነ ነው፣ ምድጃው እንደቀዘቀዘ ነው። ጎረቤት ያመጣላቸውን ይቀምሳሉ፤ ባያመጣላቸው ቆሎ ቆርጥመው ውሃ ይጠጡበታል። ሲመሻሽ ዳዊት ይጀምራሉ፤ አንዱን ቤት ይሉና የሚቀጥለውን ሰው እንዲቀበላቸው ይጠብቃሉ። የሚቀበል የለም። ጠዋት ሲወጡ ደግሞ በር ላይ ይቆማሉ። እግር አይረሳ! መስቀሉን ዘርግተው ወደ ጓዳው ያያሉ፤ ከዚያ አፍረው ይወጣሉ። አይ ሰው! እያባረረ ይናፍቃል።

ወደ ቡሬ አልደወሉም። ታላቅ እህታቸው እህተ ማርያም አንድ ጊዜ ደውለው «ደርሳለች» ብለው ዘጉባቸው። ምን አድርጌ ነው የዘጉብኝ ብለው እንኳ አልጠየቁም።

ሰሙናቸው ሲያልቅ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። እነዚያ የከተማ ሰባኪዎች መጽሐፍ ሳይሰጧት አይቀሩም፤ ፈልጌ ላቃጥለው አሉ። የመደቧን ምንጣፍ ገለበጡ፣ ጥግ ጥጉን ፈተሹ፣ ምንም የለም። በመጨረሻ እጃቸውን ከጎታው ጀርባ ቢሰዱ ከረጢት ነካቸው። «አገኘሁህ!» ብለው ጎትተው አወጡትና ፈቱት።

የሠርክአዲስ ነጠላ ነበር። የሠርጓ ነጠላ። ጥበቡ በጥንቃቄ ተፈቶ ለብቻው ተጠቅልሏል፤ የቀረው ግን ተቀዳዷል፣ ቁርጥራጩ ታጥቦ እንደ መሐረብ ታጥፏል። መጀመሪያ ቁጣቸው ገነፈለ፤ የሟች እናቷን ነጠላ! ከዚያ አንዱን ቁራጭ ወደ በሩ ብርሃን አወጡት። ታጥቦ ያልለቀቀ የደም ምልክት ነበረበት።

«ወይ ልጀ!» አሉ። መሬት ላይ ተቀመጡ።

እዚህ ላይ የአካባቢውን ወግ ልንገራችሁ። በዚያ አገር አንዲት ሴት ግዳጅ ላይ ስትሆን፣ የወር አበባዋ ሲመጣ ማለት ነው፣ ቄስ መንገድ ላይ አግኝቷት መስቀል ቢዘረጋላት ነጠላዋን ሰብሰብ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ «ከሩቁ ይባርኩኝ አባ» ትላለች። ቄሱ ይገባዋል። ለምን አይልም። ከቆመበት ሆኖ መስቀሉን ከፍ ያደርግና ባርኳት ያልፋል። በዚህ ቃል ማንም አያፍርም፣ ማንም አይጠየቅበትም። ቄስ ክንፈሚካኤል ከደብሩ ሴት ሁሉ ሰምተውታል፤ ከሠርክአዲስም አፍ ሰምተውታል። ቃሉ ሳይነገር እንኳ አንዲት ሴት ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ስትል መስቀላቸው በራሱ ከፍ ይላል።

ቃሉን ለሴት ልጅ የምታስተምራት ግን እናቷ ናት። ለእታለም ማን ያስተምራት? የሰማችው የአባቷን ድምፅ ብቻ ነው፤ እሑድ እሑድ ከዓውደ ምሕረቱ ላይ «ግዳጅ ላይ ያላችሁ ከቅጽር ውጭ ቁሙ፣ የተቀደሰውን አትንኩ» ሲሉ። እሷም ቆመች፣ አልነካችም። ለአገሩ ሴት ሁሉ የሚገባቸው ሰው ለገዛ ልጃቸው አልገባቸውም፤ በእሳቸው ዓይን እሷ ገና በትከሻቸው ተሸክመው ወንዝ የሚያሻግሯት ሕፃን ነበረች። የታዘዘቻቸውን ልጅ ከሐዲ ብለው አባረሯት። ይህን ሲያውቁት ቁራጩን ጨርቅ በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አለቀሱ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚባለው እውነት ነው።

በማግስቱ ቡሬ ነበሩ። እትየ እህተ ማርያም በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ቤታቸው ገና ከበሩ ያስነጥሳል። ታላቅ ቢሆኑም መስቀሉን ተሳለሙ። ተሳልመው ሲያበቁ ግን ምላሳቸውን አልሰበሰቡም።

«አንተ ቄስ ነህ ወይስ ድንጋይ ነህ? ከመኪና ስትወርድ ገና ፊቷን አይቼ አወቅሁ። የትኛዋ ሴት አታውቅም? ደውየ ልነግርህ ነበር፤ ራሱ ይድረስበት ብየ ተውሁህ። ባትደርስበትም ልጅቱ እዚሁ ታድግልኛለች አልሁ።»

«ልክ ነዎት እትየ» አሉ ቄሱ። እትየ እህተ ማርያምም ጠባቸው በአጭሩ ስለቀረባቸው ትንሽ ቅር ብሏቸው ወደ ገበያቸው ሄዱ።

እታለም ጓሮ ተቀምጣ የበርበሬ ዛላ እየቀነጠሰች ነበር። አባቷን ስታይ ተነሣች። እሳቸው ከአንድ ከረጢት ላይ ተቀመጡ፤ እሷም ተቀመጠች። በዓመት በዓል ያን ሁሉ ሕዝብ የሚያስለቅሰው አንደበት ተሳሰረ።

«ልጀ... ልማደ አንስት...» ብለው በግዕዝ ጀመሩ። በግዕዝ ቀላል ነው፤ በግዕዝ ማንም አያፍርም። ልጅቱ ግን በርበሬዋን ይዛ ታያቸዋለች። አቆሙና እንደገና ጀመሩ። «ነጠላውን አገኘሁት።»

እታለም ደነገጠች። «ይቅር ይበሉኝ አባየ። የእርስዎን ጥምጥም እንዳልነካ ብየ ነው። ጥበቡንስ አልቀደድሁትም።»

«ነጠላው ይቀደድ! እናትሽ ብትኖር ራሷ ቀዳ ትሰጥሽ ነበር። ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከፍልሰታ ወዲህ።» ትንሽ በርበሬ ቀነጠሰች። «መጀመሪያ ሲመጣ የምሞት መሰለኝ። እማየ ስትሞት ደም ነበር አይደል? ተኝቼ ሞቴን ስጠብቅ ዋልሁ። ኋላ በሳይንስ ክፍል ተነሣ፤ ወንዶቹ ሳቁ፣ መምህሩም ቶሎ አለፈው። ያ ነገር ይሆናል አልሁ። ከዚያ እርስዎ አትንኩ ሲሉ ሰማሁ። እኔ ያጠብሁትን ለብሰው፣ ማታ እኔ የሠራሁትን በልተው አድረው ቅዳሴ ሲገቡ እፈራ ነበር።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ለማንም ሳትነግሪ?»

«ለማን ልንገር አባየ?»

ለእኔ ሊሉ ነበር፤ አፈሩና ተዉት። እናቱ ገበያ የሄደችበትም እናቱ የሞተችበትም እኩል ያለቅሳል ይባላል። የአንደኛው ግን ማታ ትመጣለች።

«ስሚኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ይህ ነገር ኃጢአት አይደለም። በሽታም አይደለም። እግዚአብሔር ሴትን ሲሠራት ያኖረባት ነው፤ እኔም አንቺም ከዚህ ነው የተገኘነው። በዚያ ሰሞን ቤተ መቅደስ አትገቢም፣ አትቆርቢም፤ ይኸው ነው ሥርዓቱ። አባትሽን አታረክሽም። ቤትሽን አታረክሽም። እናትሽ በየወሩ ከዚያች ወይራ ሥር ትቆም ነበር። ከቅዳሴ ስወጣ ከሰው ሁሉ አስቀድሜ የማያት እሷን ነበር። አንቺንም እንዲሁ ማየት ነበረብኝ። አላየሁሽም። ይቅር በይኝ ልጀ።»

ቄስ ለልጁ ይቅር በይኝ ሲል እታለም ሰምታ አታውቅም። ግራ ገባት። ከዚያ ተነሣች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረግ ጠረግ አደረገችና መስቀሉን በግንባሯም በከንፈሯም ተሳለመች። ያ ሰሞን አልፎላት ነበር።

ቄሱ ነፍስ ዘሩ። «በይ ልብስሽን ያዢ፤ ወደ ቤታችን እንሂድ።»

ልጅቱ በርበሬውን ወደ ራሷ ሰበሰበች። የተቀነጠሰውን ካልተቀነጠሰው ለየች።

«አባየ፣ እዚህ ልቆይ። አክስቴ ትምህርት ቤት አስገብተውኛል።»

«ተቀይመሽኛል።»

«አልተቀየምሁም፤ በማርያም። እዚህ ስናገር አላፍርም።»

አባት ናቸው፣ ቄስ ናቸው፤ ተነሽ ቢሏት ትነሣ ነበር። እሺ አባየ ብላ ተከትላቸው ትመጣ ነበር። ይህን ያውቃሉ፤ ስለሚያውቁ አላሏትም። «እደጊ» አሉና ወደ መናኸሪያው ሄዱ። ሰው በሞላው ሚኒባስ ጅጋ ደረሱ። መሪጌታ ወልደ ሥላሴ መንገድ ላይ ጠብቀው «እንዴት ሆነ ቄሴ፣ ልጅቱ ተመለሰች ወይ?» ቢሏቸው «ወዴትም አልሄደችም ነበር» ብለዋቸው አለፉ። መሪጌታ አልገባቸውም፤ እሳቸውም አላስረዱም።

ከዚያ ወዲህ ቄሱ መገበሪያውን ራሳቸው ነው የሚለቅሙት። ዓይናቸው ደክሟል፤ እንክርዳዱ ያመልጣቸውና ደጋግመው ይመለሱበታል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደጃፋቸው ላይ ሰፌዱን ታቅፈው ሳሉ ስልካቸው ጠራ።

«አባየ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ ልጀ። አንቺስ? ትምህርትስ?»

«ደህና ነው።» ከዚያ ዝም አለች። በስልኩ ውስጥ የቡሬ ገበያ ይንጫጫል። ቄሱ የተቋረጠ መስሏቸው «እታለም?» አሉ።

«አባየ፣ ከሩቁ ይባርኩኝ» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

ቄስ ክንፈሚካኤል ሰፌዱን አስቀምጠው ተነሡ። ስልኩን በግራ እጃቸው ጆሯቸው ላይ ይዘው፣ በቀኛቸው መስቀሉን ወደ ቡሬ አቅጣጫ ከፍ አደረጉ። «እግዚአብሔር ይባርክሽ። ያሳድግሽ» አሉ። ቄስ እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው፤ ባርኮ ያልፋል። እሳቸው ግን ከዚህ በፊት አንዲት ሴት ጠይቀው የማያውቁትን ጠየቁ።

«ሆድሽን ይቆርጥሻል ወይ?»

«ትንሽ።»

«ትኩስ ነገር ጠጪ። እናትሽ አብሽ በማር ነበር የምትጠጣው። ለአክስትሽ ንገሪያቸው፤ ያውቁታል።»

«እሺ አባየ። በሰላም ይዋሉ።»

ስልኩ ተዘጋ። ቄሱ መስቀሉን እንደያዙ ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ተቀመጡና ስንዴያቸውን መልቀም ቀጠሉ።